ለአምስት ሰው የሚበቃ ኦቶማቲክ መኪና በጎንደር፦ የአንድ ቤተሰብ የግዢ ጉዳይ

ይህ ጽሑፍ አዘዞ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ባሉት ወራት ያገለገለ የቤንዚን ኦቶማቲክ መኪና ለመግዛት ያደረገውን ፍለጋ ይመለከታል። ቤተሰቡ አራት መኪኖችን አይቶ ሦስቱን ትቷል፣ አንዱን ገዝቷል። እኔ በጉዳዩ ውስጥ የነበርኩት እንደ ጎረቤትና እንደ አውቶ መካኒክ መምህር ነው፤ ደላላ አይደለሁም፣ ከማንም ወገን ኮሚሽን አልተቀበልኩም። ስማቸውን ሳልጠቅስ ጉዳዩን በዝርዝር እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። እንድጽፈው ያነሳሳኝም በከተማችን ኦቶማቲክ መኪና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የስንት ዓመተ ምሕረት ሞዴል እንደሆነ ሲሆን፣ በኋላ ገንዘቡን ሲበላው የማየው ግን ካምቢዮውና ወረቀቱ መሆኑ ነው።

ባልየው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ናቸው። ወይዘሮዋ ነርስ ሲሆኑ በየወሩ በርካታ ሌሊት ተረኛ ይሆናሉ። ከአዘዞ እስከ መሀል ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀን ታክሲም ባጃጅም አይጠፋም፣ ከመሸ በኋላ ግን ተረኛዋን የሚያደርስም የሚመልስም ማግኘት ከባድ ነው። ወይዘሮዋ መንጃ ፈቃድ ካወጡ ቆይተዋል፤ ሆኖም የግራ ጉልበታቸውን ከታመሙ ሦስት ዓመት ስለሆናቸው ፍሪሲዮን በረገጡ ቁጥር ሕመሙ ይቀሰቀስባቸዋል። ስለዚህ ኦቶማቲክ መሆኑ ለዚህ ቤት የምቾት ጉዳይ አልነበረም፤ ኦቶማቲክ ካልሆነ ዋናዋ ነጂ መንዳት አይችሉም። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው። የባልየው እናት ደባርቅ ይኖራሉ፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሕክምና ወደ ጎንደር ይመጣሉ።

የተጠራቀመው ገንዘብ 2,250,000 ብር ነበር፤ 1,400,000 ብሩ የቁጠባ፣ 350,000 ብሩ የዕቁብ፣ 500,000 ብሩ ደግሞ ከብድርና ቁጠባ ማኅበር የተወሰደ ብድር ነው። ባልየው መጀመሪያ ያሰቡት ሙሉው ገንዘብ የሚችለውን ቀረብ ያለ ሞዴል ለመግዛት ነበር። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 250,000 ብሩ ተለይቶ በሌላ ሒሳብ ይቀመጥ፣ የመኪናው ዋጋም ከ2,000,000 ብር እንዳያልፍ ብዬ ያዝኩ። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ ጎንደር ውስጥ ማንዋል ካምቢዮ አውርዶ የሚጠግን ጋራዥ በየሠፈሩ አለ፣ የኦቶማቲክ ካምቢዮ ቫልቭና ፍሪሲዮን ፈትቶ መልሶ የሚገጥም ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ዕቃው የሚገኘው በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው፤ ርቀቱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በዚያን ወቅት ደግሞ መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። መኪናው ቢበላሽ ሄዶ ማስጠገንም ሆነ ባለሙያ ማስመጣት የማይቻልበት ሳምንት ሊኖር ስለሚችል፣ መጠባበቂያ ሳይዙ መግዛት ለዚህ ቤት አደገኛ ነበር። ባልየው ሁለት ቀን አስበውበት ተስማሙ።

ገበያው ለገዢ የሚመች አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሎ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ስለዚህ በዚያ ጸደይ ገበያ ላይ የነበረው የቤንዚን መኪና ቀድሞ የገባው ብቻ ነው፤ ሃያ ዓመት የሞላው ሁሉ ሻጩ እንደ ወርቅ ይዞት ይቀርባል። ስለ ኤሌክትሪክ መኪናም ተነጋግረናል። በያዝነው ገንዘብ የሚገኘው ትንሹ ነበር፤ ደባርቅ ደርሶ ለመመለስ የሚያስተማምን ባትሪ መሙያም በመንገዱ ላይ ስላላየን ውይይቱ አልረዘመም።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ከፍታ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፣ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ምት የሚስበው ኦክስጅን ይቀንሳል። ስለዚህ በካታሎግ 92 ፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር ጎንደር ላይ 73 ያህል፣ ደባርቅ ላይ 66 ያህል ሆኖ ነው የሚሠራው። የጉልበቱ ማነስ በማንዋል መኪና ነጂውን ብቻ ያስቸግረዋል። በኦቶማቲክ መኪና ግን ካምቢዮው አቀበት ላይ ማርሽ እየቀነሰና እየጨመረ ሲፈልግ ዘይቱ ይሞቃል፣ የሞቀ ዘይት ደግሞ ፍሪሲዮኖቹን ይበላል። ለዚህ ነው ለጎንደር ሰው አነስተኛ ሞተር ያለው ኦቶማቲክ በቤንዚን የሚያተርፈው ገንዘብ በሌላ በኩል ሊጠፋበት የሚችለው።

መጀመሪያ ያየነው ባልየው አስቀድመው ልባቸውን የሰጡት አቫንዛ ነበር፤ የ2013 ሞዴል (የሞዴል ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ 1.3 ሊትር፣ ኦቶማቲክ፣ ሰባት መቀመጫ ያለው። የተጠየቀው 2,200,000 ብር ነው፤ ከጣሪያችን በላይ ቢሆንም ለማየት ሄድን። የአቫንዛ ጥንካሬ እውነት ነው፤ የሚገፋው በኋላ እግሩ ስለሆነ ጭነት ይዞ አቀበት ሲወጣ አይንሸራተትም፣ ከመሬትም ከፍ ያለ ስለሆነ በጌጠኛ ድንጋይ መንገድና በየሠፈሩ ባለው ጉብታ ላይ ሆዱ አይፈገፍግም። ነገር ግን ሰባት ሰው ይዞ የደባርቅን መንገድ የሚወጣ 1.3 ኦቶማቲክ ከላይ በገለጽኩት ምክንያት አልታየኝም። ከዚህ በላይ ያሳሰበኝ ደግሞ የራሱ የመኪናው ነገር ነበር። ቆጣሪው 92,000 ኪሎ ሜትር ያሳያል፤ የፍሬን መርገጫው ጎማ ግን ቅርጹ ጠፍቶ ጥጉ ላይ ብረቱ ወጥቷል፣ የነጂው መቀመጫ የግራ ጠርዙ ተጨፍልቋል፣ የመሪው ቆዳ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ቁልፉን ሞተር ሳላስነሳ ስከፍተው በክሩስኮቱ ላይ የሞተር ምልክቷ መብራት መብራት ነበረባት፤ አልበራችም። ይህች መብራት ቁልፍ ሲከፈት መብራት፣ ሞተር ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለባት። ጭራሽ ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሏል፣ ወጥቷል ወይም መስመሯ ተቆርጧል፤ ሆን ብሎ ይህን የሚያደርገው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚደብቀው ጥፋት ያለበት ሰው ነው። ሻጩን ሳንወቅስ አመስግነን ተለየን።

በዚያ ምሽት ከወይዘሮዋ ጋር መቀመጫ ቆጠርን። «ጋሼ፣ አማቴን ይዘን ስንሄድ ስድስት እንሆናለን፤ አምስት መቀመጫ እንዴት ይበቃናል?» አሉኝ። ባለፈው አንድ ዓመት ስድስቱም በአንድ ላይ የተጓዙበትን ቀን እንዲያስታውሱ ጠየቅኳቸው፤ ለፋሲካና ለአንድ ሠርግ ብቻ ሆነ። እናትየው ለሕክምና ሲመጡ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ባልየው ብቻ ሄደው ያመጧቸዋል። ሁለት ቀን ለሚያስፈልግ መቀመጫ ሦስት መቶ ስድሳ ቀን መክፈል እንደማይገባ ተስማማን። በእኔ እምነት ይህ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ጭውውት ከሁሉም ምርመራ በላይ ገንዘብ አድኗል፤ ምክንያቱም ፍለጋውን አምስት መቀመጫ ወዳላቸው፣ ሞተራቸው ከ1.6 ሊትር በላይ ወደሆኑ መኪኖች አዞረው።

ቢሆንም በመሀል አንድ ደላላ «ሰባት መቀመጫ፣ 1.8 ሞተር፣ ኦቶማቲክ፣ 1,750,000 ብር» ብሎ ሲደውል ልባችን መለሰን። የ2005 ኮሮላ ቨርሶ ነበር፤ ንጹሕ፣ ቀለሙም ያልተነካ። በሩን ከፍቼ ማርሹን ሳይ ነገሩ አለቀ። በማርሹ ላይ «አር» (ወደኋላ)፣ «ኤን» (ባዶ ማርሽ)፣ «ኢ» እና «ኤም» አለ፤ መኪናው ሲቆም ካምቢዮውን የሚቆልፈው «ፒ» የለም። ቶዮታ በእነዚያ ዓመታት አውሮፓ ውስጥ በአንዳንድ መኪኖቹ የገጠመው ይህ ካምቢዮ ውስጡ ተራ ማንዋል ነው፤ ፍሪሲዮኑን በእግር ፋንታ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚረግጥ፣ ማርሹንም በኮምፒውተር የሚቀይር ነው። ፍሪሲዮን መርገጫ ስለሌለው ኦቶማቲክ ይባላል፤ ግን ፍሪሲዮኑ እንደማንኛውም ማንዋል ያልቃል፣ የሚረግጥለት ክፍል ሲበላሽም መኪናው በቆመበት ይቀራል። አቀበት ላይ ፍሬን ሲለቀቅ ወደኋላ መንሸራተቱ ደግሞ በቁስቋምና በጎሃ አቀበት ለሚነዳ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ኦቶማቲክ ለሚፈልግ ገዢ አንድ ምልክት ብቻ ንገረን ብባል የምናገረው ይህን ነው፤ ማርሹ ላይ «ፒ» ከሌለ ያ መኪና የምትፈልጉት ዓይነት ኦቶማቲክ አይደለም።

ሦስተኛው ራቭ ፎር ነበር፤ የ2002 ሞዴል፣ 2.0 ሊትር፣ የአዲስ አበባ ሰሌዳ ያለው። ዋጋው 2,050,000 ብር ተጠይቆ ወደ ጣሪያችን ሊወርድ እንደሚችል ተነግሮናል። ከፍታውም፣ ሞተሩም፣ 57 ሊትር የሚይዘው ታንኩም (ቤንዚን ለማግኘት ወረፋ በሚያሰልፍበት ከተማ የታንክ ስፋት ዋጋ አለው) ለዚህ ቤት የሚስማማ ይመስል ነበር። ለሻጩ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንደምንመጣና ከዚያ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሳው አደራ ብለን ነበር። ስንደርስ ሰላምታ እየሰጠሁ እጄን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ፤ ሞቋል። ሌሊቱን በብርድ ያደረ መኪና ኮፈኑ ላይ ጤዛ ይኖረዋል እንጂ አይሞቅም። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚታየው ጭስ፣ የሚሰማው ድምፅ፣ ካምቢዮው የመጀመሪያውን ማርሽ ሲይዝ የሚወስደው ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ በማሞቅ ይደበቃል። ስለዚህ ምርመራውን በማግስቱ እንድንቀጥል ጠየቅን፤ ሻጩም ደግነቱ ፈቀደ።

በማግስቱ ከሻጩ ጋር በአንድነት ቀዝቃዛውን አስነሳነው። ፍሬን ረግጬ ከ«ፒ» ወደ «አር» ሳስገባው ካምቢዮው እስኪይዝ ሁለት ሰከንድ አለፈ፤ ከዚያም መላ መኪናውን ነቀነቀው። ጤነኛ ካምቢዮ በአንድ ሰከንድ ገደማ፣ በለስላሳ ንቅናቄ ይይዛል። መንገድ ላይ ከአንድ ወደ ሁለት ሲቀይር ከኋላ ሰው የገፋን ያህል ይመታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሜዳ ላይ አቁሜ፣ ሞተሩ እየሠራ የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ ዘንግ አወጣሁና ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አንጠባጠብኩ። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት የቡና አተላ መስሏል፤ የተቃጠለ ሽታም አለው። መመርመሪያ ማሽን ስሰካ ማርሽ የሚቀይሩትን ሶሎኖይዶች የሚመለከቱ ፒ0750 እና ፒ0755 የሚሉ ኮዶች ወጡ።

ይህ የአንድ መኪና ዕድል ብቻ አይደለም። ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩ ኦቶማቲክ ራቭ ፎሮች የሞተር ኮምፒውተራቸው ውስጥ የታወቀ ጉድለት አለ፤ ኮምፒውተሩ ለሶሎኖይዶቹ የሚልከው ትእዛዝ ይዛባና ካምቢዮው በኃይል ይመታል፤ በዚሁ ከተነዳ ካምቢዮው ራሱ ይቃጠላል። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለእነዚህ ሞዴሎች የኮምፒውተሩን ዋስትና እስከማራዘም ደርሶ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለ መኪና ሲመታ ገና በጊዜው ከተደረሰበት ኮምፒውተሩን በማስጠገን ሊድን ይችላል፤ ዘይቱ ከተቃጠለ በኋላ ግን ኮምፒውተሩንም ካምቢዮውንም መቀየር ግድ ይሆናል። የሻጩ መካኒክ «ዘይት ሲቀየርለት ይስተካከላል» አለን። ሰውየው ክፉ አስቦ የተናገረው አይመስለኝም፤ ነገር ግን የተበላ ፍሪሲዮን በአዲስ ዘይት አይመለስም።

የወረቀቱም ነገር ከዚህ አይሻልም ነበር። ሊብሬው በውጭ አገር በሚኖር ሰው ስም ነው፤ ሻጩ የያዘው ውክልና ብቻ ነው። ውክልና ወካዩ በሻረው ወይም በሞተ ጊዜ ይቋረጣል፤ በውክልና ገዝቶ ስም ሳያዛውር የሚነዳ ሰው ያን ቀን በእጁ ያለው የሰው ንብረት ነው። በሌላ በኩል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱን ተጠያቂ ስለሚያደርግ፣ ስም ሳያዛውር የሸጠም ሰው ከኃላፊነት አይወጣም። በከተማችን «ስሙን ቀስ ብለን እናዞረዋለን» ተብሎ የሚፈጸም ሽያጭ ብዙ ነው፤ እኔ ሁለቱም ወገን እንዲቀበሉት አልመክርም። መኪናው መጀመሪያ ከቀረጥ ነፃ ገብቶ እንደሆነ የሚያስረዳ ወረቀትም ሻጩ ማቅረብ አልቻለም፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ለሌላ አይዛወርም። ባልየው አሁንም ዓይናቸው መኪናው ላይ ነበር፤ ወይዘሮዋ ግን ወረቀቷን ከእጄ ተቀብለው ጠብታውን አሳይተዋቸው «ይህን ዘይት እያየን 2 ሚሊዮን ብር ልንሰጥ ነው?» አሉ። በዚሁ ተወሰነ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ምንም አልተገኘም። ያ ጊዜ ለቤተሰቡ ከባድ ነበር፤ የማኅበሩ ብድር ወለዱ ይቆጥራል፣ ደላሎች ዋጋ በየሳምንቱ እየጨመረ ነው ይላሉ፣ ባልየውም አንድ ቀን አቫንዛውን መልሰን እንየው እስከማለት ደርሰው ነበር።

አራተኛው መኪና በደላላ አልመጣም። ማራኪ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ አባት ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት ማቆማቸውን ወይዘሮዋ ከሥራ ባልደረባቸው ሰሙ። የ2006 ኮሮላ፣ 1.8 ሊትር፣ ባለ አራት ማርሽ ኦቶማቲክ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት በእሳቸው እጅ ቆይቷል። የጠየቁት 1,980,000 ብር ነበር። «መኪናዬ ምን ጥፋት እንዳለበት አላውቅም ልጄ፤ እኔ የማውቀው ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ሲያደርሰኝ ነው። እንደፈለጋችሁ እዩት» አሉን። ጠዋት ስንደርስ ኮፈኑ ላይ ጤዛ ነበረበት።

ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሳ ጭስ የለም። ካምቢዮው «አር»ንም «ዲ»ንም (ወደፊት) ወዲያው፣ ሳይመታ ያዘ። ዘይቱ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፣ ሽታ የለውም። ሰውነቱ ላይ የኋላ ቀኝ በሩ ስቱኮ አለበት፤ ማግኔት አይይዝም። ግን ምሰሶውና ወለሉ ያልተነኩ ናቸው። ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ስንነዳው ግን አንድ ነገር ተገለጠ፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስንጓዝ ሞተሩ ወደ 2,700 ዙር ይዞራል፣ አራተኛው ማርሽ አይገባም። አራተኛውን ማርሽ የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን የኦቨር ድራይቩን ቁልፍ ብጫን ብለቅ ለውጥ የለም። ባልየው ፊታቸው ጠቆረ፤ «ይኸውና ይኼም ካምቢዮው ሞቷል» አሉ።

እኔ ግን ዓይኔ የሙቀት መለኪያው ላይ ነበር። ግማሽ ሰዓት ከነዳን በኋላም ቀስቷ ከታች ትንሽ ከፍ ብላ እንደቆመች ናት። በዚህ ዓይነት ካምቢዮ ኮምፒውተሩ የሞተሩ ውኃ በበቂ ሳይሞቅ አራተኛውን ማርሽ አይፈቅድም፤ ቀዝቃዛ ሞተር ቶሎ እንዲሞቅ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ካምቢዮው ለምን አልቀየረም ሳይሆን ሞተሩ ለምን አልሞቀም ሆነ። ባለቤቱን ከዚህ በፊት ሞቆባቸው ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ከባሕር ዳር ሲመለሱ ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ባለው አቀበት ውኃው ፈልቶ እንደነበር፣ ከዚያ አንድ መካኒክ «አንድ ነገር አውጥቶ» እንደሰጣቸውና ከዚያ ወዲህ ሞቆ እንደማያውቅ ነገሩን። የወጣው ነገር ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ክፍል ነው። በእሳቸው ፈቃድ መያዣውን ፈታሁት፤ ባዶ ነበር።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል በአገራችን ጋራዦች የተለመደ መድኃኒት ነው፤ እኔ ግን ተማሪዎቼን አጥብቄ የምከለክለው ነገር ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲሠራ ቤንዚን ያበዛል፣ የሞተር ዘይት ይበላሻል፣ በኦቶማቲክ ላይ ደግሞ እንዳየነው ካምቢዮው ሥራውን አይጨርስም። ከሁሉ የከፋው ግን መጀመሪያ ያፈላው ምክንያት ሳይታወቅ መቅረቱ ነው። የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሎ ከሆነ አዲስ ቴርሞስታት ስንገጥምለት በሁለተኛው ቀን መፍላት ይጀምራል። ስለዚህ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግረን ቀብድ ሳንከፍል በእኛ ወጪ አዲስ ቴርሞስታት ገዝተን ለመግጠምና ለመሞከር ተስማማን። ይህን መፍቀዳቸው ብቻውን ስለ መኪናው ብዙ ነግሮኛል።

ራዲያተሩን ስከፍተው ውስጡ ዝገት የቀባው የቧንቧ ውኃ ነበር፤ የክዳኑ ስፕሪንግ በጣት ሲጫኑት ይተኛል፣ ጎማውም ደርቆ ተሰንጥቋል። በጎንደር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሞተር ደግሞ በዚያው ሙቀት ዙሪያ ነው የሚሠራው። ውኃው እንዳይፈላ የሚጠብቀው በራዲያተሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት ነው፣ ግፊቱን የሚይዘው ደግሞ ክዳኑ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ባለ ከተማ ክዳኑ የላላ መኪና ለጥቂት ጊዜ ሊታገሥ ይችላል፤ እኛ ዘንድ አቀበት ሲያገኝ ወዲያው ይፈላል። ክዳኑን፣ ቴርሞስታቱንና ኩላንቱን ቀይረን ወደ ጎሃ አቀበት ሁለት ጊዜ አወጣነው። ቀስቷ መሀል ላይ ቆመች፤ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የለም፣ ዘይቱም ከውኃ ጋር አልተቀላቀለም። የአራቱን ሲሊንደሮች ግፊት ስለካ ከ145 እስከ 150 ፒ.ኤስ.አይ. አገኘሁ። ይህን ቁጥር ለባሕር ወለል ከተጻፈው የጥገና መጽሐፍ ጋር ያመሳከረ ሰው ሞተሩ ደክሟል ሊል ይችላል፤ በእኛ ከፍታ ግን መለኪያው አንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚያነብ፣ መታየት ያለበት አራቱ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። ከዚያ እንደገና ወደ አዘዞ ነዳነው። ሜዳው ላይ ስንደርስ ሞተሩ ድምፁን ቀነሰ፣ ዙሩ ከ2,000 በታች ወረደ። ወይዘሮዋ ከኋላ ሆነው «ገባ!» አሉ።

ዋጋውን ባልየው ራሳቸው ተደራደሩ፤ በ1,890,000 ብር ተስማሙ። ሊብሬው በሻጩ ስም ነው፣ ሰሌዳው የአማራ ኮድ 2 ነው፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያየን። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ተጣርቶ፣ የሻጩ ባለቤትም ተገኝተው ፈርመው፣ ውሉ ተረጋግጦ ገንዘቡ በባንክ ተላለፈ። የሦስተኛ ወገን መድኑ ወደ አዲሱ ባለንብረት ሳይዞር መኪናው ከግቢ እንዳይወጣ አድርገናል፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንዳትን ይከለክላል፣ ባይከለክልም እኔ አላወጣውም ነበር።

ከመጠባበቂያው በመጀመሪያው ወር 138,000 ብር ወጣ፤ ለአራት ጎማ፣ ለፊት ፍሬን፣ ለኋላ ሾክ አብዞርበር፣ ለሞተርና ለካምቢዮ ዘይት። የካምቢዮውን ዘይት በማሽን ገፍቶ ማጠብን አልመረጥኩም። በመደፋት ብቻ የሚወጣው ከግማሽ በታች ነው፣ ቀሪው ኮንቨርተሩ (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘው ክፍል) ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ዛሬ ደፍቶ መሙላት፣ ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ መድገም ለአሮጌ ካምቢዮ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የዘይቱ ዓይነት በመለኪያው ዘንግ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ውጪ ያለው «ያው ነው» ቢባልም አልተገዛም።

አንድ ነገር ግን አምልጦኛል። በሐምሌ ወይዘሮዋ ከሌሊት ተራ ሲመለሱ መኪናው ሳሙና በር አካባቢ ጠፋባቸው፤ እስኪነጋ እዚያው ቆዩ። የቤንዚን ፓምፑ ማጣሪያ በደለል ተዘግቶ ፓምፑን አቃጥሎት ነበር። የቀድሞው ባለቤት ማደያ ቤንዚን ሲያጣ በጀሪካን እየገዙ ይሞሉ እንደነበር እያወቅኩ ታንኩን ሳላስከፍት ማለፌ የእኔ ጉድለት ነው፤ ወይዘሮዋንም ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ፓምፑ ከመጠባበቂያው ተገዛ፣ ታንኩም ወርዶ ታጠበ። አሁን ከጀሪካን መግዛት ግድ ሲሆን ባልየው በጨርቅ አጣርተው፣ ጥቂት አስቀምጠው ከሥሩ ውኃ አለመኖሩን አይተው ነው የሚሞሉት።

መንገዱ ሲከፈት እናትየውን ከደባርቅ ያመጡት በዚሁ መኪና ነው። አምባ ጊዮርጊስን ሲያልፉ ኮሮላው በሦስተኛ ማርሽ ሳይጨነቅ እንደወጣ፣ ሲመለሱ ደግሞ ወይዘሮዋ ቁልቁለቱን በ«ቱ» (በዝቅተኛ ማርሽ) አስገብተው ፍሬን ሳያግሉ እንደወረዱ ነግረውኛል። ባለፈው ሳምንት የካምቢዮውን ዘይት ሁለተኛ ጊዜ ደፋንለት። ከመድፋታችን በፊት ወይዘሮዋ ራሳቸው ዘንጉን አውጥተው ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አኖሩና ወደ ብርሃን አዞሩት፤ ቀይ ነበር።